ፖርቱጋልኛ በበጌምድር ደጋ

ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ወረታ ላይ የፎገራን ሜዳ ያገኛል። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ አዲስ ዘመንን አልፎ፣ ሊቦን አቋርጦ ወደ እንፍራዝ ይዘልቃል። በግራው ጣና ተኝቷል፤ በቀኙ የበጌምድር ደጋ እስከ ጉና ተራራ ይወጣል። ከ400 ዓመት በፊት በዚህ አገር ይዞር በነበረው የነገሥታቱ ሰፈር ውስጥ አማርኛና ግዕዝ ብቻ አይሰማም ነበር። ነፍጥ የያዙ ወታደሮች፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ካህናት፣ ከሕንድ የመጡ ግንበኞች በየድንኳኑ ነበሩ፤ ከባሕር ማዶ የመጡትን የሚያግባባቸው ቋንቋ ፖርቱጋልኛ ነበር።

ዘመኑ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወሰው በጦርነቱና በሃይማኖቱ ጠብ ነው። ጠቡ እውነት ነው፤ ብዙ ደም ፈስሶበታል። ይሁን እንጂ ከጠቡ በፊትም ሆነ በጠቡ መሀል ሰዎች በሰው አገር መኖር ነበረባቸው። ምን ይበላሉ? ልጃቸውን በምን ቋንቋ ያሳድጋሉ? የማን ቤተ ክርስቲያን ገብተው ይቆርባሉ? ጥያቄው የመጡትን ብቻ ሳይሆን ከዚህ ተነሥተው ባሕር የተሻገሩትንም ይመለከታል። የመጡት አማርኛ ሲማሩ የሄዱት ፖርቱጋልኛ ተምረዋል። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል፤ ሰዎቹን ያከበራቸውም ሆነ ያስባረራቸው የቋንቋ ችሎታቸው አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድመው የመጡትና ቀድመው የሄዱት

በ1487 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ የቅመሙን መንገድና «ቄስ ዮሐንስ» የሚሉትን የክርስቲያን ንጉሥ አገር እንዲያፈላልጉ ሁለት ሰዎች ላከ። አንዱ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል። ካይሮን፣ ዓደንንና ሕንድን ዞሮ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገባ፤ ዙፋኑ ላይ የነበሩት አፄ እስክንድር ናቸው። እንግዳው በክብር ተቀባይነት አገኘ፤ ወደ አገሩ እንዲመለስ ግን አልተፈቀደለትም። መሬት ተሰጠው፣ አገባ፣ ወለደ፣ ከበደ። በ1520 በሮድሪጎ ደ ሊማ የተመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ምጽዋ ወርዶ ቤተ መንግሥት ሲደርስ ኮቪልያ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ኖሯል። የአገሩን ወግ ለአዲሶቹ እንግዶች የሚያስረዳው እሱ ሆነ። ከቡድኑ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሰውየው የሚያውቀውን የቋንቋ ብዛት በአድናቆት መዝግቧል።

በ1526 ቡድኑ ሲመለስ አፄ ልብነ ድንግል ጸጋ ዘአብ የተባለውን ካህን መልእክተኛ አድርገው አብረው ላኩት። ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝበን ገባ። ደብዳቤ አድርሶ መልስ ይዞ ይመለሳል የተባለው ሰው ከ10 ዓመት በላይ እዚያው ከረመ። የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ስለ ግዝረት፣ ስለ ቅዳሜ ሰንበት፣ ስለ ጾምና ስለ ምግብ እየጠየቁ ያፋጥጡት ነበር። ከተከራካሪዎቹ መካከል ዲዮጎ ኦርቲዝና ፔድሮ ማርጋልዮ ይገኙበታል። ከሁሉ የከበደው ከቅዱስ ቁርባን መከልከሉ ነበር። ክርስቲያን ሆኖ፣ የክርስቲያን ንጉሥ እንግዳ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ተወገዘ ሰው መቆሙ ምን ያህል እንዳቆሰለው በኋላ በጽሑፉ ላይ በምሬት ገልጾታል።

ወዳጅ አላጣም። በአውሮፓ የተማረው ፖርቱጋላዊ ጸሐፊ ዳሚያኖ ደ ጎይስ ገና የቤተ መንግሥት ልጅ ሳለ ከእቴጌ እሌኒ የተላከውን መልእክተኛ ማቴዎስን አይቶ ነበርና ለኢትዮጵያ ልዩ ስሜት ነበረው። በ1530ዎቹ ሊዝበን ላይ ከጸጋ ዘአብ ጋር ተገናኙ፤ ካህኑ በ1534 የአገሩን ሃይማኖትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ሰጠው። ግዝረቱ ከአባቶች የወረደ ልማድ እንጂ ያለሱ አይዳንም የሚባልበት እንዳልሆነ፣ ሕዝቦች በሥርዓት ቢለያዩም በአንድ እምነት ሊተቃቀፉ እንደሚገባ ተሟገተ። ጎይስ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቫን አሳተመው። በማግስቱ ዓመት መጽሐፉ ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ታገደ። ጸጋ ዘአብ እገዳውን አላየም። በ1539 ወደ አገሩ ተሳፍሮ ሕንድ እንደደረሰ እዚያው ዐረፈ።

ወታደር፣ ሚስት፣ ጉልት

በሐምሌ 1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ወታደር ይዞ፣ ከኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጋር የሚዋጋውን የኢትዮጵያ ንጉሥ ለመርዳት ከምጽዋ ወደ ደጋ ወጣ። በነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተማረከ፤ ተገደለም። ከሞት የተረፉት ከወጣቱ አፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ተቀላቀሉ። በየካቲት 1543 ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ውጊያ ኢማም አሕመድ ወደቁ፤ ጦርነቱም አከተመ።

ከ400ው ግማሽ ያህሉ እንኳ አልቀሩም። ጥቂቶች ተመለሱ፤ ከነሱ አንዱ ሚጌል ደ ካስታኞዞ በ1544 ከኢትዮጵያ ወጥቶ ያየውን ጻፈ። አብዛኞቹ ግን ቀሩ። ንጉሡ ነፍጥ የሚያውቅ ወታደር ይፈልጉ ነበር፤ ወታደሩም መሬትና ማዕረግ አገኘ። በ1557 ኦቶማን ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። ከዚያ ወዲህ በባሕር በኩል ፖርቱጋላዊ እንደ ልቡ መግባት አልቻለም፤ መውጣትም እንዲሁ። በሕንድ የነበሩት የፖርቱጋል ሹማምንት ጦር ይልካሉ የተባለው ተስፋ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ ቀረ።

ቋንቋው ወዴት እንደሚያመራ የተወሰነው ያኔ ነው። ጦሩ የወንድ ጦር ነበር፤ ሚስቶቹ የአገሬው ልጆች ሆኑ። ልጅ አፉን የሚፈታው በእናቱ ቋንቋ ነው። ጓዳው፣ ገበያው፣ ጎረቤቱ ሁሉ የእናትየው ወገን በሆነበት አገር የአባትየው ቋንቋ ከጓዶቹ ጋር ሲገናኝ የሚያወራበት ሆኖ ቀረ። አዲስ ሰው ከባሕር ማዶ ስላልመጣ የሚያድሰው አልነበረም። የነገሥታቱ ሰፈር በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ወደ ጣና ዙሪያ ሲያዘነብል፣ በእንፍራዝ አጠገብም የጉዛራ ግንብ ሲቆም፣ የእነዚያ ወታደሮች ልጆች ነፍጥ ይዘው ከንጉሡ ጦር ጋር ይዘምቱ ነበር። ስማቸው የፖርቱጋል፣ መልካቸው የሁለቱም፣ ምላሳቸው የእናታቸው ነበር።

ከነሱ መሀል ዮሐንስ ገብርኤል የሚባለው በመላው ማኅበር የታወቀ ነው። አባቱ አውሮፓዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት፤ ራሱ ደግሞ ግዕዝ የጠለቀ ሰው ሲሆን «የፖርቱጋሎች አለቃ» ተብሎ ሠርቷል። ኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን በአማርኛ ለማስተማር ሲነሡ ያለሱ አልሆነላቸውም።

ማኅበሩን ያስጨነቀው ትልቁ ነገር ካህን ማጣት ነበር። በ1557 የመጣው ጳጳስ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ ከአፄ ሚናስ ጋር ተጣልቶ በአድዋ አቅራቢያ ማይ ጓጓ ላይ፣ እነሱ ፍሬሞና ባሉት ስፍራ፣ በ1577 እስኪሞት ኖረ። ከጓደኞቹ የመጨረሻው በ1597 ሞተ። በ1598 የገባው ሜልኪዮር ዳ ሲልቫ በትውልዱ ሕንዳዊ ነበር፤ ቱርኮች ያዩትን ነጭ ሁሉ በሚይዙበት ምጽዋ ሳይነቃበት ያለፈው በዚህ ነው። ፍታትና ክርስትና፣ ሠርግና ኑዛዜ ያለ ካህን እንዴት ይሁን? ብዙዎቹ ልጆች በአገሬው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው፣ ጾሙን ጾመው፣ በዓሉን አክብረው አደጉ።

ስፔናዊው በፖርቱጋልኛ

በ1603 የጸደይ ወራት አንድ አርመናዊ ነጋዴ መስሎ፣ ራሱን አብዱላ ብሎ፣ ምጽዋ የወረደ ሰው ነበር። ስሙ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። በ1564 በስፔን፣ ከማድሪድ ብዙ ሳይርቅ በምትገኝ መንደር ተወለደ። ኢየሱሳዊ (የካቶሊኮቹ የኢየሱስ ማኅበር አባል) ሆኖ ሕንድ፣ ጎዋ ከሄደ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በዓረቢያ ባሕር ተይዞ 7 ዓመት ያህል በየመን እስረኛ ሆነ። መከራው ትምህርትም ሆነው፤ ዓረብኛውን ያገኘው እዚያ ነው። በሐድረመውት በረሃ ሲያሳልፏቸው ከቡን የተፈላ ትኩስ መጠጥ አቅርበውለት ነበር፤ ቡና ቀምሰው ከጻፉ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓኤዝ ማይ ጓጓ እንደደረሰ ወደ ቤተ መንግሥት አልሮጠም። የፖርቱጋሎቹን ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ራሱም ተማሪ ሆነ፤ ለመስበክ አማርኛ፣ መጻሕፍቱን ለመረዳት ግዕዝ ያስፈልገው ነበር። በፖርቱጋል ለልጆች ማስተማሪያ የሚያገለግለውን የማርኮስ ዦርዤን ትምህርተ ሃይማኖት በዮሐንስ ገብርኤል እርዳታ ወደ አማርኛ መለሰው። ፖርቱጋላውያን የሚባሉት ልጆች የአባቶቻቸውን እምነት በአማርኛ መማር ያስፈለጋቸው መሆኑ ቋንቋው በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ የት እንደደረሰ ይናገራል።

በ1604 አፄ ዘድንግል አስጠሩት። ደንቢያ ወዳለው ሰፈር ሲሄድ ካስተማራቸው ልጆች ሁለቱን ይዞ ሄደ። በመኳንንቱና በሊቃውንቱ ፊት ልጆቹ ሲጠየቁ ሲመልሱ ታዳሚው ተገረመ ይላል የሚሲዮኑ ታሪክ። ትልቁ ፈረንጅ ዝም ብሎ፣ ትንንሾቹ በአገሩ አፍ ሲናገሩ ማየት ለግቢው አዲስ ነበር። ዘድንግል በዚያው ዓመት በአመፅ ተገደሉ፤ ሹም ሽሩ ሲረጋ ዙፋኑ የአፄ ሱስንዮስ ሆነ። ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው ያደጉና ኦሮምኛ የሚያውቁ ስለነበሩ ባዕድ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ንጉሥ ነበሩ።

ፓኤዝ ከሱስንዮስ ጋር የኖረው እንደ ጥበበኛም ነው። በ1614 አካባቢ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ሲሠራ መሣሪያ ስለጠፋ መዶሻውንና መሮውን ራሱ እያሠራ የአገሬውን ሰው ያሠለጥን ነበር። በሚያዝያ 1618 ንጉሡን ተከትሎ ግሽ ዓባይ ደረሰና ምንጩን አየ። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል የቫሌንሲያ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ የጻፈውን ተረት ለማፍረስ የተጀመረው ሥራ «የኢትዮጵያ ታሪክ» ሆነ። ፓኤዝ ስፔናዊ ነው፤ መጽሐፉን ግን የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው፤ አለቆቹና ማኅበሩ ያሉት በፖርቱጋል ሥር ነበርና። ፖርቱጋልኛውን ያጠኑ ምሁራን በየገጹ የእስፓኝኛ ጣዕም ያገኙበታል። በዚያ ቋንቋ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የክብረ ነገሥትን ታሪክ፣ ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ሳይቀር እየመለሰ አስገብቷል። በአውሮፓ በሌላ ሰው ቋንቋ፣ በበጌምድርና በደንቢያ በሌላ ሁለት ቋንቋ የኖረው ይህ ሰው በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ።

ጥሬ ሥጋ፣ አሞሌ፣ ክረምት

ሚሲዮናውያኑ ወደ አገራቸው የጻፉት ደብዳቤ ክርክር ብቻ አይደለም። አዲስ የመጣ እንግዳ የሚያየው ሁሉ ተመዝግቧል። ገንዘብ የሌለበት ገበያ፤ በምትኩ ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ ጨው። ዛሬ ከተማ መስሎ ነገ በበቅሎ ተጭኖ የሚሄድ የንጉሥ ሰፈር። ዝናብ ሲወርድ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚዘጋበት ክረምት። በእጅ የሚበላ፣ ከሥሩ እንጀራ የተነጠፈበት ማዕድ።

ከሁሉ ያስጨነቃቸው ጥሬ ሥጋ ነው። አልቫሬዝ በ1520ዎቹ፣ ሚሲዮናዊው ሎቦ ከ100 ዓመት በኋላ፣ ሁለቱም ትኩስ ሥጋ ከሐሞት ጋር ሲቀርብ ማየታቸውን እየተጸየፉ ጽፈዋል። አስተናጋጁ ለክብራቸው የመረጠው ጮማ ለእነሱ ፈተና ነበር።

ጄሮኒሞ ሎቦ በ1595 ሊዝበን የተወለደ፣ በ1625 በአፋር በረሃ በኩል የገባ ኢየሱሳዊ ነው። ጢስ ዓባይ ሲወርድ አይቶ ከፏፏቴው ጀርባ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የውኃውን መጋረጃ ከውስጥ እንደተመለከተ ጽፏል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ «የማይሆን ነገር ነው» ብሎ ቀለደበት፤ ለብሩስ ሁሉም ፖርቱጋላዊ ቀጣፊ ነበር። የሎቦ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ከታተመ በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ የታላቁ እንግሊዛዊ ጸሐፊ የመጀመሪያ መጽሐፍም እሱ ሆነ።

ቋንቋውን በፊደላቸው ሊያስገቡ ሲሞክሩ የገጠማቸውም አስቂኝ ነበር። ሸዋን የሚጽፉት በኤክስ ነው፤ በፖርቱጋልኛ ኤክስ «ሽ» ተብሎ ይነበባልና። ለ«ኝ» የራሳቸው ድምፅ ስለነበራቸው በዚያ አልተቸገሩም። «ጠ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጨ»ን ግን የሚጽፉበት አላገኙም። ዛሬ የእነሱን ጽሑፍ የሚያነብ የጎንደር ሰው የሚያውቀውን ቦታ ስም ለመለየት ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት።

ታቦትና ቀን መቁጠሪያ

ፓኤዝ ሲሞት ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አውጀው ነበር። በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ሊቅ ነበር፤ ትዕግሥት ግን አልነበረውም። አገሩን ከረገጠ ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታዛዥነታቸውን እንዲምሉ ተደረገ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ቅዳሜ ሰንበት አይከበር፣ ግዝረት ይቅር፣ በዓላቱ በሮም ቀን መቁጠሪያ ይሁኑ ተባለ። በእንፍራዝ አጠገብ ደብሳን ላይ የፓትርያርኩ ግንብ ቆመ፤ በዓላታ ላይም ከጢስ ዓባይ በታች በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። ኖራው ሕዝቡን አላስቀየመም፤ ድልድዩን ተሻገረበት። ያስቀየመው ታቦቱ መነካቱ ነው።

ተቃውሞው ከቤተ መንግሥቱ ጓዳ ሳይቀር ተነሣ። ወለተ ጴጥሮስ የሱስንዮስ ባለሟል የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ቤቷንና ባሏን ትታ መነነች፤ ወደ ጣና ደሴቶችና ገዳማት እየዞረች ሃይማኖታቸውን ያልለወጡትን ሰበሰበች። በ1672 የተጻፈው ገድሏ ፈረንጆች መምህራን ሊያሳምኗት መጥተው መከራከራቸውን ይተርካል። እነሱ ቋንቋዋን ያውቃሉ፤ እሷም ትሰማቸዋለች፤ ግን አልተግባቡም። ዛሬም በደራ ወረዳ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቆራጣ ላይ በስሟ የሚጠራ ገዳም አለ።

በ1632 የላስታ አመፀኞች ወርደው ወይና ደጋ ላይ ከንጉሡ ጦር ጋር ተጋጠሙ። ሱስንዮስ ድል አደረጉ፤ ሜዳው ላይ የወደቀው ግን የገዛ ሕዝባቸው ነበር። በሰኔ ወር «የአባቶችህን ሃይማኖት ያዝ» የሚል አዋጅ አስነገሩ፤ በመስከረም ሞቱ። አፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፣ በ1634 ደግሞ ከአገር አስወጧቸው።

የአሮጌዎቹ ወታደሮች ዘሮች ወዲያው አልተባረሩም። መሬታቸው፣ ሚስታቸው፣ ልጆቻቸው እዚሁ ናቸው። ጎንደር ከተማ ስትሆንም ብዙዎቹ በነበሩበት ኖሩ። በ1660ዎቹ መጨረሻ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ አማራጭ አቀረቡላቸው፤ የአገሩን ሃይማኖት ተቀበሉ፣ አለዚያ ውጡ። የተቀበሉት ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለው ጠፉ። እምቢ ያሉት ወደ ስናር ተሰደዱ። ከ1543ቱ የወይና ደጋ ውጊያ 125 ዓመት ገደማ በኋላ በበጌምድርና በደንቢያ ፖርቱጋል ነኝ የሚል ማኅበር አልቀረም።

ሮም ላይ የተገናኙት

ስደቱ ወደ ሌላኛውም አቅጣጫ ሰው አወጣ። በአማራ መካነ ሥላሴ የተወለደው አባ ጎርጎርዮስ ከሜንዴዝ ወገን ስለነበር ከሚሲዮናውያኑ ጋር ወጥቶ በጎዋ በኩል ሮም ገባ። በ1649 በቫቲካን ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ አንድ ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ ደጅ መጣ፤ ሂዮብ ሉዶልፍ። ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ነበርና አፉን ከፍቶ ሲናገር መነኮሳቱ ሳቁ። በመሀል አንቶኒዮ ደ አንድራዴ አስተረጎመ። አንድራዴ አባቱ ፖርቱጋላዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ፣ የዚያው የጣና ዙሪያ ማኅበር ፍሬ ነው። ሦስት ክፍለ ዓለማትን የነካ ወዳጅነት በእሱ ምላስ ተጀመረ።

ሉዶልፍ በ1652 ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ አስጠራው። በመስፍኑ ግንብ ውስጥ ለወራት ተቀምጠው ግዕዙን፣ አማርኛውን፣ የአገሩን ወግ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረሙ። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተሙ፤ የሁለቱም ምንጭ በአብዛኛው ጎርጎርዮስ ነው። ጎርጎርዮስ ይህን አላየም። በ1658 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሞክር በእስክንድሮና አቅራቢያ መርከቡ ሰጠመ። አንድራዴም ጳጳስ ተሹሞ ሲመለስ በምጽዋ በኩል ተገደለ።

ጋፋት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተመሳሳዩ ሁኔታ በደብረ ታቦር ራሷ አጠገብ ተደገመ፤ በዚህ ጊዜ ቋንቋው ጀርመንኛ ነበር። ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ሳልሚውለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉት የወንጌል ሰዎች አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩ ስላሏቸው ጋፋትን የብረት ማቅለጫ አደረጓት። ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ኢትዮጵያዊት ልጅ አገባ፤ አማርኛም ተማረ። ከጋፋት የወጣው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በ1867 እና በ1868 በሰው ጉልበት ተጎተተ። ንጉሡ ሲወድቁ የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ዋልድማየር ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ።

የጋፋቶቹን ከፓኤዝ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል። አገሬውን በእጃቸው ሥራ፣ በትዳራቸውና በትዕግሥታቸው የቀረቡት ሁሉ ቦታ አግኝተዋል፤ ቦታቸውን ያጡት ነገሥታቱ ሲወድቁ ነው። የሜንዴዝ ሥልጣን ግን ንጉሥ ከጎኑ ቆሞለት እንኳ ከሰባት ዓመት ብዙም አልዘለለም።

ከዚህ ሁሉ የቀረው የወረቀት ክምር ነው። የፓኤዝ «የኢትዮጵያ ታሪክ» ለሦስት ምዕት ዓመት ያህል በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ በ1905 እና በ1906 ታተመ፤ ያተመው ካሚሎ ቤካሪ የሚሲዮናውያኑን ታሪኮችና ደብዳቤዎች ከ1903 እስከ 1917 በ15 ጥራዝ ሰብስቧል። አብዛኛው በፖርቱጋልኛ፣ ቀሪውም በብዛት በላቲን ነው። በ1964 ግርማ በሻህና መርዕድ ወልደ አረጋይ የሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት ግንኙነት ታሪክ ሊዝበን ላይ ያሳተሙት እነዚህን ምንጮች አገላብጠው ነው። ከእነሱ ወዲህ ግን የእንፍራዝን፣ የሊቦን፣ የፎገራንና የደራን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ አብዛኛው ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ትርጉም ይሄዳል። የገድለ ወለተ ጴጥሮስን ግዕዝ ማንበብ የሚችል ሰው በየገዳሙ አለ፤ በተቃራኒው ወገን ያለውን ምስክር በራሱ አፍ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በደብረ ታቦር፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የታሪክ ክፍሎች ከግዕዝ ጎን ፖርቱጋልኛን የሚያስተምሩበትን መንገድ ይፈልጉ፤ የአገራቸውን ታሪክ ሊጽፉ የሚያስቡ ወጣቶችም ይህን ቋንቋ አሁኑኑ ይጀምሩት።